ሰማያዊ ሐር ስለ ለበሰችው ልዕልት ሥዕል

ልጆች ሆይ፤ ፊደል የቈጠረ ሁሉ መጽሐፍ ያነባል እንደማይባል፣ ዐይን ያለውም ሁሉ ሥዕል ያነባል አይባልም። ይልቁንም የታላላቅ ወይዛዝር መልክ የተሣለበት ሥዕል ሲሆን፣ ብዙው ሰው ልብሱንና ጌጡን አይቶ ወዲያው ይፈርዳል። አንዱ «ይህች ሴት ምንኛ የታደለች ናት» ይላል፤ ሌላውም «ይህች ሴት ምንኛ ትዕቢተኛ ናት» ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ገና የመጀመሪያውን ቃል ሳይጨርሱ መጽሐፉን የዘጉ ናቸው እላለሁ። ለዚሁም አንድ ሥዕል ይዤ እናገራለሁና ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ሥዕሉ የፈረንሳይ አገር ሥራ ነው። ሠዓሊው ዣን ኦጉስት ዶሚኒክ አንግር ይባላል፤ የተሣለችውም ልዕልት ፖሊን ደ ብሮይ ናት። ሥራው በ1851 ዓ.ም. ተዠምሮ በ1853 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ በዚህ ጽሕፈት የማነሣው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ ሲሆን ቁመቱ 121፣ ወርዱም 91 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሜትሮፖሊታን በሚባለው ቤተ መዘክር ይገኛል።

እንግዲህ ከመፍረዳችን በፊት በሸራው ላይ ያለውን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንመልከት። አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች። ከፊትዋ ቢጫ ሐር የተለበጠ ወንበር አለ፤ እርስዋም ክንዶችዋን አጣምራ በወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳርፋለች። የለበሰችው ቀሚስ ሰማያዊ አትላስ ነው። አትላስ እንደምታውቁት የሚያበራ ሐር ነውና፣ በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ ብርሃን ይወድቅበታል፤ ከእጥፋቱም ሥር ጥላው ይከተለዋል። ሥዕሉን ያየ ሰው ቀሚሱ ቢነካ የሚንኰሻኰሽ ይመስለዋል። በደረትዋና በእጅጌዋ ስስ ዳንቴል አለ። ጠጕርዋ ከመካከል ተከፍሎ በሁለት ወገን እንደ ተወለወለ እንጨት ለስልሶ ተበጥሯል፤ ከኋላውም የላባ ጌጥ ይታያል። በጆሮዋ ሉል፣ በክንዶችዋ የሉልና የወርቅ አምባር፣ በአንገትዋም የጥንት ሮማውያንን ጌጥ አስመስለው የሠሩት የወርቅ ማንጠልጠያ አለ። በወንበሩ ላይ ወርቅ የተጠለፈ ኩታ መሰል ልብስ፣ ጓንትና ማራገቢያ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ግራጫ ነው፤ ምንም የቤት ዕቃ አይታይበትም። ከላይ ብቻ ባንድ ማዕዘን የቤተ ሰቡ ዓርማ ተሥሏል።

እስቲ አሁን ፊትዋን እዩ። ግንባርዋ ሰፊ፣ ቅንድብዋ ቀጭን፣ ከንፈርዋ የተዘጋ ነው። ወደ ተመልካቹ የምታይ ትመስላለች፤ ነገር ግን ዐይንዋ አያርፍበትም። አትስቅም፤ አታዝንምም። የትዕቢት ፍርድ የሚወጣው ከዚህ ነው። ሰው በሥዕል ፊት ቆሞ የተሣለው ሰው ካልሳቀለት የተናቀ ይመስለዋልና።

በአገራችን የአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ያየ ልጅ ሥዕል ማንበብን በከፊል ተምሯል። በዚያ ሥርዓት ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዐይን ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን ጐኑን ዞሮ ባንድ ዐይን ይሣላል። ስለዚህ ፊደል የማያውቅ ሽማግሌ እንኳ በጎውንና ክፉውን ለይቶ ለልጅ ልጁ ይተርካል። የነገሥታትና የመኳንንት ሥዕልም ቢሆን ሥርዓት አለው፤ በጣና ሐይቅ ባለችው በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ልብሳቸው የእቴጌ ልብስ ነው፤ አኳኋናቸው ግን የለማኝ ነው። ይህን ያየ ሰው ሠዓሊው ምን ሊለን እንደ ፈለገ አይጠፋውም። አንግር ግን እንዲህ ያለ ምልክት አልሰጠንም። ልዕልቲቱን ብቻዋን በባዶ ግድግዳ ፊት አቆማትና «እዩ» አለን እንጂ፣ መልካም ናት ወይም ክፉ ናት የሚል ምልክት አላኖረም። ምልክት በሌለበት ስፍራ ምልክት ፈጥሮ ማንበብ ደግሞ በመጽሐፍ ውስጥ ያልተጻፈ ቃል ጨምሮ እንደ ማንበብ ነው።

ታዲያ እንዴት እናንብበው? በእኔ አሳብ አስቀድሞ ስለ ሠዓሊው መጠየቅ ይገባል። የመልክ ሥዕል የተሣለው ሰው ብቻ አይደለም፤ የሣለው ሰው ዐይንና እጅም በውስጡ አለ።

አንግር በ1780 ዓ.ም. ሞንቶባን በምትባል በደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። ልዕልቲቱን መሣል ሲዠምር ዕድሜው ከሰባ ዓመት አልፎ ነበር። በወጣትነቱ ቫዮሊን መምታት ተምሮ እስከ ሽምግልናው ስላልተወው፣ ፈረንሳውያን እስከ ዛሬ ሰው ከሥራው ውጭ ለደስታው የሚይዘውን ነገር «የአንግር ቫዮሊን» ይሉታል። ይህን በመንገዳችን ላይ ስላገኘሁት ነገርኋችሁ። ለነገራችን የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ አንግር የመልክ ሥዕል መሣል አይወድም ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ የታሪክና የሃይማኖት ሥዕል ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ ባለጠጎች መልካችንን ሣልልን እያሉ ሲለምኑት ጊዜዬን ወሰዱብኝ እያለ ያጕረመርም ነበር። እነሆም ያጕረመረመበት ሥራ ዛሬ ስሙን ከሁሉ አብልጦ ከሚያስጠሩት አንዱ ሆነ።

አሠራሩም እንዲህ ነበር። አስቀድሞ በእርሳስ ብዙ ጊዜ ይነድፋል። ለዚህ ሥዕል ከነደፋቸው ውስጥ አንዱ፣ ክንዶችዋን እንደ ልዕልቲቱ ያጣመረች፣ ግን ልዕልቲቱ ያልሆነች ሴት ይታይበታል፤ ለሠዓሊ እየቆመች ዋጋዋን የምትቀበል ሴት ናት። ይህ በዚያ ዘመን የሠዓሊዎች ልማድ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ «የዚች ልዕልት አቋቋም ትዕቢትዋን ያሳያል» የሚል ሰው የሚፈርደው በማን አቋቋም ላይ ነው? ክንድን እንዲህ አጣምራ የቆመችው ለዕለት እንጀራዋ የቆመች ሌላ ሴት ናት። ስምዋ በሥዕሉ ርእስ ላይ የለም። እኔ ይህን ሥዕል ባሰብሁ ቍጥር የእርስዋ ነገር ከልዕልቲቱ ነገር አያንስብኝም።

ደግሞም እጆቹን ተመልከቱ። ጣቶቹ ረጃጅምና ለስላሶች ናቸው፤ አጥንት ያለባቸው አይመስሉም። ትከሻውም ያለ ማዕዘን እንደ ኰረብታ ቍልቍለት ይወርዳል። አንግር እንዲህ ማድረጉን የሚያውቅ ሰው ነበር። የመስመሩን ውበት ከአጥንት እውነት ያስበልጥ ነበርና፣ ሌሎች ወይዛዝርንም ሲሥል አንገትን ያስረዝም፣ ክንድንም ያጥፍ ነበር። ስለዚህ የልዕልቲቱ እጅ ሥራ ነክቶ የማያውቅ የሰነፍ እጅ ነው ብሎ ከዚህ ሥዕል ማስረዳት አይቻልም። የምናየው የሠዓሊውን ምርጫ ነው።

በወንበሩ ላይ ስላሉት ስለ ኩታውና ስለ ጓንቱም ሰዎች ይከራከራሉ። አንዳንዱ ወደ ግብዣ ልትወጣ ነው ይላል፤ አንዳንዱም ከግብዣ መመለስዋ ነው ይላል። ለእኔ ይህ ክርክር ጥቅም ያለው አይመስለኝም። ሠዓሊው በሰማያዊው ቀሚስ አጠገብ የወርቅ መልክ ያስፈልገው ስለ ነበር አኖረው ብዬ አምናለሁ። ሰማያዊ ከቢጫ አጠገብ ሲሆን ይበልጥ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቀለም ያላችሁ ልጆች በወረቀት ላይ ሞክሩት።

የዓርማው ነገር ግን ሌላ ነው፤ እርሱ በከንቱ አልተሣለም። የብሮይ ወገን በፈረንሳይ የታወቀ የመሳፍንት ወገን ነው። የልዕልቲቱ ባል አልቤር ደ ብሮይ ለመንግሥት ሥራ የታሰበ ሰው ነበር። ነገር ግን በ1848 ዓ.ም. በፓሪስ ሕዝቡ ተነሥቶ ንጉሡ ሉዊ ፊሊፕ ዙፋኑን ለቀቀ፤ የብሮይም ወገን ከንጉሡ ጋር የቆመ ስለ ነበር፣ አልቤር ከሥራው ወጥቶ ቤቱ ተቀመጠ። ሥዕሉ በተዠመረበት በ1851 ዓ.ም. ደግሞ ሉዊ ናፖሊዮን በጦር ኃይል መንግሥቱን ጨበጠ፤ በማግሥቱ ዓመትም ንጉሠ ነገሥት ተባለ። እንግዲህ ይህ ዓርማ በተሣለበት ጊዜ የቤቱ ኃይል እንደ ወትሮው አልነበረም። ተመልካቹ የሚያየው በደስታ ዘመን የተቀመጠን ዓርማ ይመስለዋል፤ ዘመኑን ያነበበ ሰው ግን ስማችን እንዳይረሳ የሚል ቤተ ሰብ ያያል። በመጨረሻ አልቤር እንደ ገና ተነሥቶ በ1873 እና በ1877 ዓ.ም. በፈረንሳይ የሚኒስትሮች አለቃ ሆኗል፤ ያን ጊዜ ግን ሚስቱ በሕይወት አልነበረችም።

ስለ እርስዋ የሚታወቀውን ልንገራችሁ። በ1825 ዓ.ም. ተወለደች፤ በ1845 ዓ.ም. በሃያ ዓመትዋ አገባች፤ አምስት ወንዶች ልጆችም ወለደች። በውበትዋ የታወቀች ነበረች። አእምሮዋም ብሩህ ነበረና ስለ ሃይማኖት ታሪክ ትጽፍ ነበር፤ ጽሕፈቶችዋም ታትመዋል። የሚያውቁዋት ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያነሡት ግን ዐይነ አፋርነትዋን ነው። በሰው ፊት መታየትና መናገር ይከብዳት ነበር።

ዐይነ አፋርነትና ትዕቢት ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ሁለቱም ዐይናቸውን ከሰው ዐይን ያሸሻሉ፤ ሁለቱም በጨዋታ መካከል አይገቡም። ይህን ለማወቅ ፓሪስ መሄድ አያስፈልግም። በትምህርት ቤታችሁ በዕረፍት ሰዓት ከግድግዳው አጠገብ ብቻውን የሚቆም ልጅ አለ። ንጹሕ ልብስ ከለበሰ ጓደኞቹ «ኰራብን» ይሉታል፤ ቡትቶ ከለበሰ ደግሞ «ደነዘዘ» ይሉታል። ዝምታው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱን ፍርድ ያወጣው ልብሱ ነው። የልዕልት ፖሊንን አፍ በሰማያዊው ቀሚስ የሚያነቡ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ያንኑ ፊት በጥቁር የሐዘን ልብስ ላይ ብናኖረው እነዚያው ሰዎች «ምንኛ የተከዘች ናት» ይሉ ነበር ብዬ አስባለሁ። ትንሽ ወረቀት ቀድዳችሁ ልብሱን ሸፍናችሁ ፊቱን ብቻ ብታዩ፣ አሳባችሁ ሲለወጥ ራሳችሁ ትታዘቡታላችሁ።

ነገር ግን እንዲህ ስላልሁ ሐሩን አታንብቡት ማለቴ አይደለም። ልብሱን ፈጽሞ የማያይ ሰውም የሥዕሉን ግማሽ አላነበበም። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ሐር በብዛት ይሠራ የነበረው በሊዮን ከተማ ነው። ሸማኔዎቹ በየቤታቸው ከፍ ባለው የሽመና ዕቃ ፊት ከማለዳ እስከ ሌሊት ይሠሩ ነበር። የሚከፈላቸውም ዋጋ ስላነሰባቸው በ1831፣ እንደ ገናም በ1834 ዓ.ም. ተነሡ፤ ወታደርም ተልኮ ብዙ ሰው ሞተ። ይህ ሁሉ የሆነው ልዕልቲቱ ገና ሕፃን ሳለች ነው። የዚህ ቀሚስ ሐር ከማን እጅ እንደ ወጣ ሥዕሉ አይነግረንም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ልብስ ከብዙ ሰው ድካም የሚወጣ ነው፤ ትል የሚያረባ፣ ክር የሚያጠነጥን፣ የሚያቀልም፣ የሚሸምን፣ የሚሰፋ፣ ዳንቴሉንም በመርፌ የሚሠራ ሰው አለበት። ይህን ለልዕልቲቱ በደል አድርጌ አልቈጥርባትም፤ በተወለደችበት ቤት ሥርዓት ለብሳለችና። ነገር ግን ሥዕሉን ያየ ልጅ «ይህን ያበራውን ሐር ማን ሠራው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሠዓሊው ካሳየው ይልቅ የበለጠ አይቷል እላለሁ።

ሌላም የስሕተት ንባብ አለ፤ ይህ ደግሞ የሚመጣው ከርኅራኄ ነው። ልዕልት ፖሊን የሳንባ ነቀርሳ ይዟት በ1860 ዓ.ም. በሠላሳ አምስት ዓመትዋ ሞተች። ይህን የሰማ ሰው ወደ ሥዕሉ ተመልሶ «እነሆ የፊትዋን ንጣት እዩ፤ በሽታው ያን ጊዜ ተዠምሮ ነበር» ይላል። ቃሉ ልብ የሚነካ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ይቀበለዋል። እኔ ግን አልቀበለውም። ሥዕሉ ከተፈጸመ በኋላ ሰባት ዓመት ኖራለች። አንግርም የወይዛዝርን ገላ ሁሉ እንዲህ ለስላሳና ነጭ አድርጎ ይሥል ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እስከ እርጅና ኖረዋል። የመጽሐፉን መጨረሻ አስቀድሞ ያነበበ ሰው በመጀመሪያው ገጽ ሁሉ ላይ መጨረሻውን ያያል። በዚያ ቀን፣ በዚያ ወንበር አጠገብ፣ እርስዋ ገና ወጣት እናት ነበረች፤ ምናልባትም በልብዋ «ይህ ሽማግሌ መቼ ይጨርስልኝ ይሆን» ትል ነበር እንጂ ስለ ሞትዋ አታስብም ነበር።

አንዳንድ ሰው «ሥዕሉ ስለ እርስዋ ልብ እንዲህ ጥቂት ከነገረን፣ ታዲያ ለምን እናየዋለን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው። መልሴም ይህ ነው፤ ሥዕሉ ልብዋን ገልጦ ባያሳየንም፣ መሰወርዋን በእውነት አሳይቶናል። አንግር ያልነበረ ሣቅ በከንፈርዋ ላይ አልጨመረም። ጌጥዋን በሙሉ፣ ዳንቴልዋን በክር በክር ሣለ፤ ወደ ዐይንዋ በደረሰ ጊዜ ግን እንድንገባ በሩን አልከፈተልንም። ተራ ሠዓሊ ቢሆን ደንበኛውን ለማስደሰት ጥቂት ፈገግታ ባከለበት ነበር። እኔ ይህን የማከብረው ስለዚህ ነው። ከሐሩ ሥራ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ባልዋ አልቤር ሥዕሉን እንዴት እንዳነበበው ደግሞ ስሙ። ከሞተች በኋላ ሌላ ሚስት አላገባም። ሥዕሉን በቤቱ ውስጥ በመጋረጃ ጋርዶ አኖረው፤ ወደ ሌላ ስፍራ ወጥቶ እንዲታይም እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ፈቀደ። እርሱ የሚያውቃት ስትስቅና ስትቈጣ፣ ስትጽፍና ልጆችዋን ስትጠራ ነው። ለእኛ ሰማያዊ ሐር የሆነው ለእርሱ ሊያየው የማይችለው፣ ሊሰጠውም የማይችለው ነገር ነበር። በ1901 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ሥዕሉ ከመጋረጃው ኋላ ኖረ።

ከእርሱ በኋላ ሥዕሉ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ በቤተ ሰቡ እጅ ቆየ። በ1958 ዓ.ም. ተሽጦ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ የገዛውም ሮበርት ሌማን የተባለ የባንክ ባለቤት ነው። እርሱም የሰበሰበውን ሥዕል ሁሉ ለቤተ መዘክሩ ስለ ተወ፣ ከ1975 ዓ.ም. ዠምሮ ለሕዝብ ይታያል። መጋረጃ የለበትም።

በዚያው መንገድ ጥቂት ዝቅ ብሎ ፍሪክ የሚባል ሌላ የሥዕል ቤት አለ። በእርሱም ውስጥ አንግር በ1845 ዓ.ም. የጨረሰው የአንዲት ሴት ሥዕል አለ። ሴቲቱ ሉዊዝ ትባላለች፤ የአልቤር እኅት ናት። እርስዋም ሰማያዊ ሐር ለብሳለች፤ ነገር ግን ጣትዋን ከአገጭዋ በታች አድርጋ በድፍረት ትመለከታለች። እርስዋም እንደ ፖሊን መጽሐፍ የጻፈች ናት። ሁለቱ ዘመዳሞች በአንድ ሽማግሌ እጅ ተሥለው፣ ከፓሪስ ባሕር ተሻግረው፣ ዛሬ በአንድ መንገድ ላይ በእግር ሊደረስ በሚችል ርቀት ይኖራሉ። የአንዲቱን ፊት ካዩ በኋላ ሄደው የሁለተኛይቱን የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ሰማያዊው ቀሚስ ይህን ያህል ተመሳስሎ ፊታቸው ይህን ያህል መለያየቱን በዐይናቸው ያያሉ።